ያልተበላችው ዚንክ

ይድረስ ለምወድሽ ለእቴቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? እማዬስ ከአልጋዋ ቀና ማለት ጀመረች? ተከራያችን ልብስ ሰፊዋስ ደህና ናት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን እንኳ ስጽፍልሽ ስንቴ ተነሥቼ በሩን ከፍቼ እንደ ዘጋሁት።

ጀልባ ሞተር ውስጥ በብሎን የምትታሰር፣ ጣት የምታክል፣ ዚንክ የምትባል የብረት ቁራጭ አለች። ጨዋማው ውኃ ሞተሩን ትቶ እሷን ይበላል፤ ሥራዋ መበላት ነው። ግማሿ ሲያልቅ ፈትተን፣ ቀዳዳውን ጠርገን፣ አዲስ እናስራለን። ባለፈው የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ መጣልን። የውኃውን መግቢያ ዘግቼ ብሎኑን ብፈታው ዚንኳ ዛሬ የተገዛች ትመስላለች። ባለ ጀልባው «እሰይ፣ ወጪ ቀረልኝ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ክው አልኩ። እሷ ካልተበላች ሌላ የተበላ አለ ማለት ነዋ። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ብከፍተው ቱቦዎቹ ተበልተው ወንፊት ሆነዋል።

ለካ የሥራ ባልደረባዬ ፈጠኔ (በጥድፊያው ያወጣንለት ስም ነው) ውኃ እንዳያንጠባጥብ ብሎ የብሎኑን ጥርስ ቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ነጭ ላስቲክ ጥፍንግ አድርጎ ጠቅልሎታል። ዚንኳ ደግሞ የሞተሩን ብረት ካልነካች ዋጋ የላትም። «እኔ እኮ ለደግ ብዬ ነው» አለ፤ እውነቱን ነው።

በማግስቱ ስደውልልሽ ስልኩን ልብስ ሰፊዋ አነሣችው፤ አፏ አዳልጧት ሁሉን ነገረችኝ። ጎንበስ ማለት አቅቶሻል አሉ። ሐኪሙ ቶሎ ተኝተሽ ታከሚ ቢልሽ፣ እማዬን ለማን ትቼ ብለሽ ቀረሽ አሉ። አንቺ ግን በየደብዳቤሽ «እኛ ደህና ነን፣ ምንም አታስብ» ትዪኛለሽ። ያ ነጭ ላስቲክ ትዝ አለኝ። እኔ እዚህ ምንም ሳይነካኝ ወፍሬ ተቀምጫለሁ፤ አንቺ እዚያ አልቀሻል። ተናድጄብሻለሁ፣ አንጀቴንም በልተሽዋል።

አለቃዬ ቢያጉረመርምም ፈቃድ ወስጄ ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ዛሬውኑ ሄደሽ ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ያዢ። እማዬን ማገላበጡም ማጠቡም የእኔ ነው። ወንድ ልጅ ምን ያውቃል እንዳትዪኝ፤ ጠባብ ቦታ እጅ አስገብቶ ምንም ሳይሰብሩ መሥራት እንጀራዬ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋን እንዳትቆጪያት፤ ቁርጥ ይበልልሽ ብሏል በያት። ለአንቺ ሰላምታ አልላክሁም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከወደቡ ጥገና ቤት፣ ጥቅምት ፱ ቀን