ሳላነብ የፈረምኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አርባ ሦስት አዲስ ምሩቃን ተመዝግበዋል ተብሎ ነበር። የመጡት ሰባት። ከሰባቱም ሁለቱ ስብሰባው ሳያልቅ ሹልክ አሉ። ማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ የቀረነው ባዶ ወንበሮችና እኛ ሽበታም መሐንዲሶች...

ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ነህ የምታመጣቸው። ወጣት ካልገባበት ይሄ ማኅበር ከእኛው ጋር መቀበሩ ነው» አለኝ። እኔ ምን ይዤ ላምጣቸው? ከረሜላ? እሱ እንደሆነ አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው። ኮሌጅ አንድ ክፍል ስንተኛም እንደዚሁ ነበር።

የቀሩትን አምስቱን ለእኔ ሰጠኝ። መካሪያቸው ሆንኩ እንግዲህ። በየሳምንቱ የሥራ መዝገባቸውን ያመጣሉ፣ እፈርማለሁ። ሁለት ዓመት ካልተፈረመለት የሙያ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ለእኔም የፈረሙልኝ እንዲሁ ነው። ማን አንብቦ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አምስት መዝገብ፣ አምስት ፊርማ። መነጽር እንኳ አላወጣሁም። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ።

አንዷ ልጅ ጭምት ናት። ለራሴ «ጭምቷ» ብያታለሁ። የምትሠራው የሊቀመንበሩ ቢሮ በሚቆጣጠረው ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። ፈርሜ ስመልስላት መጀመሪያ ገጹን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ሌላ ነገር አለ?»

«የለም ኢንጂነር። አመሰግናለሁ።»

ምን ፈልጋ ነው? ምርቃት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጭምቷ ዛሬ ደፈር አለች። «ኢንጂነር፣ ያዩታል አይደል?» አለችኝ። «አየዋለሁ እንጂ፣ አይዞሽ» ብዬ ፈረምኩላት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ሆደ ባሻ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ፈረምኩ። ዝናብ። ጉልበቴ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

የመጡት ሦስት ብቻ። ጭምቷ መዝገቧን ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥታ ሄዳለች አሉኝ። ሊቀመንበሩ ደወለና «እየቀነሱብህ ነው እኮ! ምን እያደረግካቸው ነው?» አለኝ። ምን አደርጋቸዋለሁ? እፈርምላቸዋለሁ።

መዝገቧን ይዤው ቤት ገባሁ። ነገ ፈርሜ እልክላታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ባለቤቴ መምህርት ናት፣ ደብተር ካየች እጇ አያርፍም። ከሥራ ስመለስ የጭምቷን መዝገብ ይዛ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ሳየው ሰው የሞተብን መሰለኝ።

«ይቺ ልጅ እኮ እየጠየቀችህ ነው» አለችኝ።

«ምን?»

«አንብበው።»

መነጽሬን አወጣሁ። ጥቅምት 9 የጻፈችውን እዚህ ልገልብጠው፣ አልረሳውም እንጂ፦ «የሦስተኛው ፎቅ ኮለኖች። ፌሮውን ጠፍሮ የሚይዘው ስታፋ በዕቅዱ ላይ በየአሥራ አምስት ሳንቲ ነው። እኔ ስለካው ሠላሳ ሆነ፤ ግማሹ የለም። ለተቆጣጣሪው ነገርኩት። ገና ከትምህርት ቤት መምጣትሽ ነው፣ ዝም በይ አለኝ። መካሪዬን እጠይቃለሁ፤ ምን ላድርግ?»

ከሥሩ የእኔ ፊርማ። እንዴት ያማረ ፊርማ ነው!

ጥቅምት 16፦ «ሁለቱ ኮንክሪት ተሞሉ። መካሪዬ ፈርመዋል። መልስ ግን አልጻፉልኝም።» ፊርማዬ።

ጥቅምት 23፦ «ሁለት ተጨመሩ። አራት ሆኑ።» ፊርማዬ።

ያልፈረምኩበት የመጨረሻው፣ ጥቅምት 30፦ «የቀሩት ስምንቱ ቅዳሜ ኅዳር 6 ይሞላሉ። ከዚህ በኋላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ኮንክሪት ከተሞላ ውስጡን ማን ያየዋል? ሕንፃው ሰው ይገባበታል። በእነዚህ ምሶሶዎች ላይ ገና ሁለት ፎቅ ይጫናል።

ባለቤቴ «እኔ የስልሳ ሁለት ልጅ ደብተር አርማለሁ። አንተ አምስት አቃተህ?» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ቢሮዬን ዘግቼ መዝገቡን ሳገላብጠው ዋልኩ። ስፌቱ የላላ ነው። ፊርማዬ ያለበት ሦስት ቅጠል ብቻ... ሳብ ባደርገው ይወጣል። ፈቃድ ካገኘሁ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በስሜ አንዲት ነቁጥ የለችም። ልጅቷ ብትናገርስ ማን ያምናታል? አሰብኩት። ለማን እዋሻለሁ? አውራ ጣቴን ገጹ ላይ እስከማሳረፍ ድረስ አሰብኩት።

ለሊቀመንበሩ ደውዬ የልጅቷን ልኬት ነገርኩት።

«ልጅ ናት፣ ሜትር አያያዝም አታውቅ» አለኝ።

«አንተ ሄደህ ለክተሃል?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስማ፣ ሦስት ጊዜ ፈርመሃል አይደል? እኔ ከወደቅኩ አንተም አብረህ ነህ። የልጅቷም ፈቃድ ነገር... በደንብ አስብበት» ብሎ ዘጋው።

ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ያለነው ሐሙስ ላይ ነው፤ የቀረኝ አንድ ቀን።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጠዋት የራሴን ሜትር ይዤ ሳይቱ ሄድኩ። ጥበቃው ሽበቴን አክብሮ አስገባኝ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ለካሁ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ። ሃያ ዘጠኝ። ስምንቱንም ለካሁ፣ ጉልበቴ እያቃሰተ። ፎርማኑ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ኢንጂነር፣ እኛ የታዘዝነውን ነው፤ እንዲያውም ያቺ ልጅ ነግራን ነበር» አለኝ።

ያቺ ልጅ የለችም። ወደ ቢሮ አዛውረዋታል፣ ወረቀት ታባዛለች። ሄድኩ። ማባዣ ማሽኑ አጠገብ አገኘኋት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። አላነበብኩትም ነበር» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔኮ አንብበው ዝም ያሉ መስሎኝ ነበር። የሊቀመንበሩ ጓደኛ ስለሆኑ ነው ብዬ... ከሙያው ልወጣ ነበር።»

በአፍሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ያዩታል አይደል?» አላለችኝም እንዴ! ከዚህ በላይ በምን ቋንቋ ትንገረኝ?

ከሰዓት ለሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ግልባጭ ለማኅበሩ። የለካሁትን፣ የተሞሉትን አራቱን፣ ሁሉንም። ፊርማዬ ያለባቸውን ሦስት ገጾች አባዝተን አያያዝናቸው። ያባዛችው ራሷ ናት። ደብዳቤውን በእጄ አደረስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሙሌቱ ቆመ። ሊቀመንበሩ ስልኬን አያነሳም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጠራኝ። መካሪነቴ ተሰርዟል፣ ከእንግዲህ የማንንም መዝገብ መፈረም አልችልም። ልክ ናቸው፣ ምን እላለሁ? የሊቀመንበሩ ጉዳይ ገና እየታየ ነው። ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠምን። አርባ ዓመት የማውቀው ሰው ግድግዳውን እያየ አለፈኝ። አመመኝ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። እጄን ያዘችኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

የአዳራሹን ቁልፍ ላስረክብ ሄድኩ። ሰው ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። በሩን ስከፍተው አሥራ አንድ ልጆች ተቀምጠዋል። ሹልክ ያሉት ሁለቱ እንኳ ተመልሰዋል። ጭምቷ ከፊት ናት፣ ጫማዋ ሲሚንቶ በሲሚንቶ ሆኗል። የሕንፃው ባለቤት ወደ ሳይቱ አስመልሷታል።

ሁሉም መዝገባቸውን ይዘዋል። ደነገጥኩ።

«ልጆቼ፣ አልሰማችሁም እንዴ? እኔ መፈረም አልችልም። ፊርማዬ አይሠራም።»

«ሰምተናል» አለች ጭምቷ። «የሚፈርምልን ሌላ ሰው ተመድቦልናል። እርስዎ ጋ የመጣነው እንዲያነቡልን ነው።»

መዝገቧን ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው። ጸሐፊዋ ሻይ አመጣችልኝ። መነጽሬን አወጣሁ። «አራቱ ኮለኖች ፈርሰው አለቁ። የስምንቱን አዲስ ስታፋ እኔ ነኝ የቆጠርኩት» ይላል። ከሥሩ ጥያቄ አለ። ከጥያቄው ሥር ሌላ ጥያቄ።

የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ ሻዬ ቀዘቀዘ።