ሥራ ፈቱን የጣልኩት እኔ ነኝ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሳታነበው እንዳትቀደው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው የኖርኩትን ነው የምጽፍልህ።

በራችን ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት የሆሊ ዛፎች መቼም አትረሳቸውም። ቅጠላቸው እሾሃም ነው፤ በብርድም በሙቀትም አይረግፍም። በብርዱ ወራት አንዷ ቀይ ፍሬ ትለብሳለች፤ ሰው ቅርንጫፏን ለቤት ማስጌጫ ይገዛን ነበር። ሌላው ግን አንዲት ፍሬ አፍርቶ ስለማያውቅ "ሥራ ፈቱ" አልነው። አባባ አንተንም በዚሁ ስም ይጠሩህ ነበር። "ከጥንዱ አንዱን የቆረጠ ቤቱን ያጎድላል" ሲሉ የሽማግሌ ወግ እየመሰለኝ እስቅ ነበር።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ችግኞቼን ፀሐይ ከለከለብኝ፤ አባባ ገበያ በሄዱበት በመጋዝ ጣልኩት። ተመልሰው "ማነው?" ሲሉ "ሥራ ፈቱን ሥራ ፈቱ ቆረጠው" አልኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አንተ "እኔ አይደለሁም" እያልክ ስትምል እኔ ድስት ማጠቤን ቀጠልኩ። ያንኑ ቀን አባረሩህ።

በዓመቱ እማዬ ሞተች። ሴቷ ዛፍም ሥራ ፈቱን ከቆረጥኩት ወዲህ ፍሬ አልያዘችም። ለካስ እሱ ወንዱ ኖሯል፤ ያለ እሱ ልታፈራ አትችልም። ፍሬዋን የሚለቅሙት ወፎችም ቀሩ።

ያን ቀን ቅርንጫፉን ስጎትት አንድ እሾህ ቀኝ መዳፌ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። የአባባ ዓይን ከደከመ ወዲህ እጃቸውን ይዤ የምመራቸው ሁልጊዜ በግራዬ ነው። ባለፈው ሰኞ ግን ተዘናግቼ ቀኜን ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ይሄ የሆሊ እሾህ ነው። መቼ ወጋሽ?"

እጄን ሰበሰብኩ። መጋዙን ከተሰቀለበት በዳበሳ አውርደው ጭኔ ላይ አኖሩት።

"ወይ ልጄን መልሺልኝ፤ ወይ ይህችንም ጨርሻት" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ወንበር አስወጥተው ከሴቷ ሥር ይውላሉ። ትናንት የማይረግፈው ቅጠሏ ትከሻቸው ላይ ሲወድቅ አየሁ፤ ዛሬ ደግሞ ጠርጌ አልጨረስኩም። ፈርቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ የፈለግከውን መጥተህ ፊቴ ላይ በለኝ። ብቻ ና። ለአባባ "ይመጣል" ብያቸዋለሁ። ይህንንም ውሸት እንዳታደርግብኝ።

ታናሽ እህትህ