የኤልሮይ ግማሽ

ቅዳሜ፣ ሜይ 19

ዛሬም ነፋስ። ልብስ አስጥቼ ግማሹን ከአጥር ሽቦ ላይ ለቀምኩት። የባሌ የሃርላን አንዱ ካልሲ ጠፋ፤ እስካሁን ጎረቤት ግዛት ዳኮታ ሳይደርስ አይቀርም።

የታችኛውን ማሳ አይቼ መጣሁ። ምነው ባላየሁ! ጎፈሮቹ አልፋልፋውን፣ የከብቶቻችንን መኖ፣ ወንፊት አድርገውታል... ጉድጓድ፣ የአፈር ክምር፣ ደግሞ ጉድጓድ። ከተሜ ሰው እነዚህን የመሬት ሽኮኮዎች ሲያይ "ውይ ሲያምሩ!" ይላል። ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብታ እግሯ የተሰበረ ጊደር አላየማ። እኔ አምና አይቻለሁ። ዘንድሮ ደግሞ ግልገሎቻቸውም ወጥተዋል፣ ማሳው በሙሉ ይርመሰመሳል።

ማታ ለሃርላን፣ "ዘንድሮ እኔም እተኩሳለሁ" አልኩት።

ከጋዜጣው ቀና አላለም። "ተኩሺ የኔ እመቤት። ጥይቱ መደርደሪያው ላይ ነው።" ከዚያ ጢሙ ሥር ፈገግ ብሎ፣ "ጣውላው ላይ ለመውጣት ግን በአንድ ጥይት ሦስት ነው።"

ማን ስለ ጣውላ አነሳ?

እሑድ፣ ሜይ 20

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ማቪስ ምግብ ቤት። ሀምበርገሩ አሯል፣ የቼሪ ፓዩ ግን... እንዲያው ዝም ነው።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያየኛል። ጣውላውን እፈልገዋለሁ። የድሮ ጎተራ ሲፈርስ የተረፈ ጣውላ ነው፤ ማቪስ ከባንኮኒው በላይ ሰቅላዋለች። በአንድ ጥይት ሦስትና ከዚያ በላይ ጎፈር የጣለ ሰው ካለ፣ ከብት መተኮሻ ብረቷን አግላ ስሙንና ቁጥሩን ትተኩስበታለች። ቀለም ይለቃል፤ የተተኮሰ ግን ከዚያ ወዲያ አይፋቅም። ለዚህ ነው ማቪስ እንደ ዳኛ የምትጨክነው። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ አይቆጠርም። ምስክር ያስፈልጋል፣ ምስክሩም የቤትሽ ሰው መሆን የለበትም። የሃርላን ስም ከመጋባታችን በፊት የወጣ ነው። የሴት ስም አንድም የለም። እኔ እዚያ ጣውላ ሥር ቁጭ ብዬ ልጆቼን አሳድጌያለሁ!

ኤልሮይም ነበር። ከአጥራችን ማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ በቅሎና ወሬ ብቻ። ገና በር ላይ ሆኖ፣ "ትናንት ወንዙ ዳር ሃያ አራት አጋዘን አየሁ" አለ። ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ፦ "አሥራ ሁለት!"

እንዲህ ነው ልማዱ። ኤልሮይ የተናገረው ሁሉ ለሁለት ይካፈላል። ሕፃናት ሳይቀሩ ማካፈል የተማሩት በእሱ ነው ይባላል። እሱም አብሮ ይስቃል። ሁልጊዜ ይስቃል።

ረቡዕ፣ ሜይ 23

አራት! በአንድ ጥይት አራት!

በሥርዓት ልጻፍ። ሃርላን ከብት ጨረታ ሄዷል። ኤልሮይ የተዋሰውን የአጥር ጉጠት ሊመልስ መጣ፣ ጠመንጃ ይዤ ሲያየኝ ደግሞ አልሄድ አለ። ፒክአፑን ማሳው ዳር አቆምኩ። ጠመንጃውን ኮፈኑ ላይ፣ ከሥሩ የባቄላ ከረጢት። ኤልሮይ ጎኔ ቆሞ በሩቅ ማያ መነጽሩ ያያል፣ አፉም አያርፍም። መጀመሪያ አንዱን መታሁ። ከዚያ ሳትኩ። ደግሞ ሳትኩ።

"ነፋሱ ነው እህቴ።"

"ነፋሱ አይደለም፣ ያንተ ወሬ ነው!"

ዝም አለ። ያኔ ነው ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ብቅ ያሉት። አንድ... ሁለት... ከኋላ ሁለት ደግሞ። ለዳቦ እንደተሰለፈ ሰው፣ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ቀጥ ብለው ቆሙ። ትንፋሼን ያዝኩ። ጧ! ጠመንጃው ትከሻዬን ገፍትሮኝ ዓይኔ ወደ ሰማይ ሄደ። መልሼ ሳይ የቆመ የለም። አንድም!

እየሮጥን ሄድን። (እኔ ስሮጥ ሰው አለማየቱ ደግ ነው።) ስንደርስ ጭልፊት አንዱን በጥፍሩ አንጠልጥሎ ተነሳ። መሬት ላይ ሁለት ተጋድመዋል። አራተኛውስ? ሌላ ጭልፊት ወስዶት ነው እንጂ! ሰማዩን ሞልተውት የለ?

"ኤልሮይ፣ አየህልኝ?"

"አየሁ።"

"ስንት?"

መነጽሩን በጨርቅ እየጠቀለለ፣ "ምስክር የሚናገረው ማቪስ ፊት ነው" አለኝ።

"ለእኔ ንገረኛ!"

"አይሆንም። ሕግ ነው።"

እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ከየት አመጣው?

ቢሊንግስ ከተማ ላለችው እህቴ ለኔዲን ደውዬ አራት አልኳት። ፖስታ ቤት ለምትሠራዋ ሴትም ነገርኳት። ወንጌላዊውንም መንገድ ላይ አገኘሁት...

ሐሙስ፣ ሜይ 24

ሃርላን እስኪያስለው ሳቀብኝ። "ከዚህ ሁሉ ሰው ምስክርሽ ኤልሮይ?"

በሳቁ ልቆጣ ስል ነገሩ ገባኝና ወንበር ላይ ዝርግፍ አልኩ። ኤልሮይ አራት ካለ ቤቱ በሙሉ "ሁለት!" ነው የሚለው። ሁለት ደግሞ ጣውላ ላይ አይወጣም።

"ስምንት ይበልልሽ" አለ ሃርላን። "ስምንት ለሁለት ሲካፈል አራት። በቃ።"

"እውነቴን በውሸት ላስመስክር?"

"አንቺ ምን ዋሸሽ? እሱ ይዋሻል፣ እነሱ ያካፍላሉ፣ አንቺ ፓይሽን ትበያለሽ።"

ልክ አይደለም። ግን ስታስቢው... አራቱ እኮ እውነት ናቸው! እውነት እስከሆኑ ድረስ በየትኛው በር ቢገቡ ምን አለበት?

ከሰዓት እንቁላል ይዤ ኤልሮይ ጋ ሄድኩ። ስምንት በል ልለው። ሸሚዝ እየተኮሰ አገኘሁት። ኤልሮይ! ካውያ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ አልጋው ላይ ደግሞ ክራቫት።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ለቅዳሜ ነው።" ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ደገመው። "ታውቂያለሽ፣ ምስክር ሁን ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። በዕድሜዬ።"

እንቁላሉን አስቀምጬ ተመለስኩ። ስምንቷን ሳላነሳ።

ዓርብ፣ ሜይ 25

ወይ ስምንት ይላል፣ ወይ አሥራ ስድስት። አሥራ ስድስት ካለ ደግሞ ስምንት ብለው በብረት ይተኩሱልኛል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኬን እንደ እሱ ውሸታም ሆኜ ጣውላ ላይ ልንጠለጠል ነው። ቢቀርብኝስ? አይ። አይቀርብኝም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 26

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ወሬውን ማን እንደነዛው እንጃ። (እኔ ነኝ።) ትራክተር ሻጩ ዌንደል ገና ስገባ፣ "ነይ የአራቷ እመቤት! ኔዲን ከቢሊንግስ ደውላ ነግራናለች" ብሎ አስጨበጨበ። ሃርላን ጎኔ ቁጭ ብሎ በክርኑ ይጎሽመኛል። ኤልሮይ ክራቫቱን አስሮ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ባርኔጣውን ይዞ ባንኮኒው ፊት ቆመ።

ማቪስ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ "አየህ?" አለችው።

"አየሁ።"

"ስንት ጥይት?"

"አንድ።"

"ስንት ወደቀ?"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስምንት በል፣ ስምንት በል... አዎ፣ በልቤ እንዲያ ነው ያልኩት።

"ሦስት" አለ ኤልሮይ።

ከጓዳ የሚጠበሰው ድንች ሲንጨረጨር ይሰማል።

መጀመሪያ የነቃው ዌንደል ነው። "ሦስት ለሁለት... አንድ ተኩል! ግማሹ ጎፈር የት ሄደ?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ፊቴ እሳት ሆነ። "ኤልሮይ! አራት ነበሩ እኮ!"

ወደ እኔ ዞረ። ሲያዝንልኝ ያስታውቃል። "አራት ነበሩ። አራቱም ተመተዋል። የመጨረሻው ግን ተንፈራግጦ ተንፈራግጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ለዚህ ነው ያላገኘሽው። ጉድጓድ የገባ አይቆጠርም፣ እህቴ። ሕግ ነው።"

"ጭልፊት ነው የወሰደው!"

"ጭልፊቱ የወሰደው አንድ ነው። በመነጽር እያየሁት።"

ያኔ ማቪስ ባንኮኒውን በመዳፏ መታችው። "ዝም በሉ! አንዳችሁ መልሱልኝ። ይሄ ሰው በዕድሜው ቁጥር ቀንሶ ያውቃል?"

አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ጠመንጃ የያዘችው አራት ትላለች፣ ኤልሮይ ሦስት ይላል። ኤልሮይ! እሷን ደስ ለማሰኘት ቢፈልግ፣ እናንተን ለማሳቅ ቢፈልግ ሦስት ይላል?" ዌንደልን አየችው። "የዛሬውን የሚያካፍል ካለ ሌላ ቤት ሄዶ ይብላ።"

ከዚያ ብረቷን ምድጃ ውስጥ ከተተች።

የጣውላው ጭስ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ጭሱ ነው። ሎርና 3። ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ግን የእኔ ነው! ማቪስ ብረቱን ሳታስቀምጥ ጥቂት አሰበችና ከሥሩ በትንሹ ጨመረችበት፦ ኤልሮይ አይቷል። ከዚህ በፊት የምስክር ስም ተተኩሶ አያውቅም።

እሱ እንደ ሁልጊዜው አልሳቀም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ አነበበው። መላልሶ።

እሑድ፣ ሜይ 27

ለኔዲን ደወልኩ። ሦስት ነው አልኳት። "አራት አላልሽም ነበር?" አለች። ምን ይደረግ... አራተኛው ዛሬም ትንሽ ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ፣ ጁን 2

ነገሩ እየገረመኝ ነው። ወንጌላዊው ስለ ድልድዩ ኤልሮይን ጠየቀው፦ "ውኃው ከፍ ብሏል? መኪና ያሻግራል?" "አያሻግርም" አለ። ወንጌላዊውም አመስግኖ በላይኛው መንገድ ዞረ። አላካፈለም! ዌንደል እንኳ የበረዶ ዝናቡን ነገር ከሬዲዮው ይልቅ እሱን ጠይቆ ትራክተሮቹን ሸፈነ።

ኤልሮይ ሲራመድ ቀና ብሏል። ክራቫቱን ግን አውልቋል፣ ተመስገን።

እሑድ፣ ጁን 10

አልፋልፋው ለመጀመሪያው አጨዳ ሳይደርስ አይቀርም። ሃርላን የታችኛውን ማሳ ጎፈር ለእኔ ትቶልኛል፤ "ባለ ጣውላ ባለችበት እኔ ማን ነኝ" እያለ ያሾፋል። ደስ ይለኛል፣ አልደብቅም።

ምሳ ማቪስ ቤት። ስሜ ሥር ተቀመጥኩ። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ፣ ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ፓዩ አለቀ። ሳቅ የለም። ሁሉም ሹካውን ይዞ ይበላል። ኤልሮይ ጥግ ላይ ቡናውን ይዟል።

ዌንደል ሞከረ። "ኤልሮይ፣ ትናንት ዓሣ ስንት ያዝክ?"

"ሁለት።"

"ትልልቅ?"

"ደህና ናቸው።"

"...እሺ" አለ ዌንደል። ማቪስ ሳይቀር ከባንኮኒው ወዲያ በረጅሙ ተነፈሰች።

ስንወጣ በር ላይ እጅጌውን ያዝኩት። "ምን ሆነሃል አንተ? ቤቱ እኮ የለቅሶ ቤት መሰለ። አንዲት አጋዘን እንኳ ጨምርልን! ዋሽ እንጂ!"

ባርኔጣውን ቀስ አድርጎ ጫነ። ያችን የድሮ ሳቁን ሊስቅ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

"እንዴት ልዋሽ፣ ሎርና?" አለኝ። "አሁን እኮ ያምኑኛል።"