ቀዩና ነጩ ሣጥን፦ የመምህርት ደብሪቱ አየለ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ደብሪቱ አየለ ከአባታቸው ከአቶ አየለ በላይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋነሽ ደምመላሽ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ በቀወት ወረዳ ኅዳር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን የጻፍኩት እኔ የመጨረሻው ወንድማቸው ክንፈ አየለ ነኝ። እህቴ ቁጡ ነበሩ ብዬ ከወዲሁ ብናገር እዚህ የተሰበሰበው ሐዘንተኛ አይቀየመኝም፤ ቁጣቸው ያልደረሰው ሰው ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጥቂት ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው አባታችን ለጋብቻ ቃል ሰጥተውባቸው ነበር። እሳቸው ግን ደብረ ብርሃን ወዳሉት አክስታቸው ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ሄደው ካልተማሩ እህል እንደማይቀምሱ አስታወቁ። አባታችን መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። በመጨረሻ በጭነት መኪና አሳፍረው የላኳቸው ራሳቸው ናቸው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሲመለሱ ብርዳማውን ጣርማ በር በጋቢ ተጠቅልለው ያልፉና ሮቢት ሲደርሱ በዚያው ጋቢ ላባቸውን ይጠርጉ ነበር። የደብረ ብርሃን ዘመዶቻችን የሮቢት ሙቀት ሰው ይገድላል ይላሉ፤ የሮቢቶቹ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው ይገድላል ይላሉ። በየዓመቱ ያው ክርክር ነው። ሁለቱም ወገን ሙቀቱም ብርዱም ስንት እንደሆነ ሳያውቅ እንደሚጮህ እህቴ ያስተዋሉት ገና በልጅነታቸው ነው፤ ይህም ዕድሜ ልካቸውን ሲያናድዳቸው ኖረ።

በ1953 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ከሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሸዋ ሮቢት ተመደቡ። ጂኦግራፊና ሳይንስ አስተማሩ። በ1956 ዓ.ም. በክሊኒኩ ድሬሰር ሆነው ከጎጃም የመጡትን አቶ ጌታቸው ጀምበሬን አግብተው ሴት ልጃቸውን ቆንጅትንና ወንድ ልጃቸውን ደምመላሽን ወለዱ።

በ1959 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ ግቢ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ሲቋቋም ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። የጣቢያው ዋና ዕቃ በአራት እግር የቆመ፣ ነፋስ እንዲያስገባ ጎኑ በቀጫጭን ጣውላ የተረበረበ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ሣጥን ነበር። በውስጡ የቀኑን ትልቁን ሙቀትና የሌሊቱን ትንሹን የሚይዙ ቴርሞሜትሮች አሉ። ነጭ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ፀሐይ ሣጥኑን ካጋለችው ቴርሞሜትሩ የሚናገረው ስለ ሣጥኑ እንጂ ስለ አየሩ አይሆንም። ይህን ለተማሪዎቻቸው በየዓመቱ አስተምረዋል። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ኋላ የቀበሌ ኃላፊ ሆኑ፤ ትምህርቱን ግን ረሱት።

በነሐሴ 1976 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሽር ጉድ ሲባል በመንገዱ ዳር ያለ አጥር፣ ግንድና ድንጋይ ሁሉ እንዲቀባ ታዘዘ። እህቴ ለቅሶ ሄደው ሲመለሱ ሣጥኑን በዘይት ቀለም ቀይ ተቀብቶ አገኙት። ቀቢዎቹ ክፋት አላሰቡም፤ የመንግሥት ዕቃ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ቀብተው እሱን መዝለል ነውር መስሏቸው ነው። ወደ ነጭነቱ እንዲመለስ ሲጠይቁ ከበዓሉ በኋላ ተባሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሲጠይቁ ደግሞ ቀይን ነጭ ማድረግ ጥያቄ ያስነሣል ተባሉ። እሳቸውም የሣጥኑን ሙቀት በየዕለቱ እየመዘገቡ ከጎኑ «ሣጥኑ ቀይ ተቀብቷል» ብለው ይጽፉ ጀመር። ያ ዓመት ዝናብ የጠፋበት፣ ማሽላው ሳያፈራ የደረቀበት ዓመት ነበር። የዚያ ዓመት ሙቀት በስሕተት ተመዝግቦ እንዲቀር አልፈለጉም።

በጥቅምት ወር፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤታቸው እትዬ ሙሀባ የሰጧቸውን ኖራ በጥብጠው ሣጥኑን ነጭ ቀቡት። ኖራው የዘይት ቀለም ላይ አልይዝ ስላላቸው ገበያተኛው ቆሞ እያየ ደጋግመው ለቀለቁት። ከሰዓት በኋላ ታሰሩ።

የቀይ ሽብርና የነጭ ሽብር ስም ገና ከሰው ጆሮ ባልወጣበት ጊዜ ቀዩን በነጭ መሸፈን ቀላል ክስ አልነበረም። በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ ግለ ሂስ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። የሰጡትን መልስ እዚያ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። «እኔ የምለካው የሮቢትን አየር ነው። ሣጥኑን ከቀባችሁት ወዲህ ግን የምለካው የእናንተን ቀለም ሆኗል። ጥፋት ካለብኝ ሁለት ወር መዘግየቴ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሁለት ሳምንት ያህል በእስር ቆዩ። አቶ ጌታቸው ምሳ እያደረሱ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን ያነቡላቸው ነበር። ትልቁን ሙቀት የሚይዘው ቴርሞሜትር በክሊኒኩ እንዳለው የበሽተኛ ቴርሞሜትር ተነብቦ የሚራገፍ በመሆኑ ሥራው አልከበዳቸውም። እህቴ ሲፈቱ ሣጥኑ እንደገና ቀይ ተቀብቶ ጠበቃቸው።

በጥር 1977 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያው አቶ አሊዪ መጡ። እኛ ለእህቴ ረዳት መጣላቸው ብለን ተደስተን ነበር። እህቴ ግን ጠብ አገኙ። አቶ አሊዪ ከቀይ ሣጥን የወጣ ቁጥር የአየር ሙቀት ስላልሆነ ከሁሉም ላይ ሁለት ሁለት ዲግሪ ተቀንሶ፣ አሮጌው ተሰርዞ፣ አዲሱ ይጻፍ አሉ። እህቴ ደግሞ በዓይናቸው ያነበቡትን ማንም እንደማይሰርዝ፣ ድርቁ ያመጣው ሙቀት እውነተኛ እንደሆነ፣ ቢሮ ተቀምጦ ሙቀት መቀነስ ቀይ ከመቀባት እንደማይሻል ነገሯቸው። አቶ አሊዪም የይፋት ልጅ ናቸውና በዋዛ አልተበገሩም። «እትዬ፣ ለዚህ ሣጥን የታሰሩት ስሕተት ነው ብለው አይደለም እንዴ? ታዲያ ስሕተቱ ይታረም ሲባል ለምን ይቆጣሉ?» አሏቸው።

መፍትሔውን ያመጡት አቶ አሊዪ ናቸው። ቀዩ ሣጥን ባለበት ይቁም፣ ነጭ ሣጥን አጠገቡ ይተከል፣ ልዩነቱን ራሱ ሙቀቱ ይንገረን አሉ። ቀዩ እስካልተነካ ድረስ ቀበሌውም አልተቃወመም። ነጩ ሣጥን ከተሰበረ ዴስክ ተሠራ፤ እህቴም ከዓመት በላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አነበቡ።

ውጤቱ ሁለቱንም አላስደሰተም። ፀሐይ በሚያቃጥልበት ከሰዓት ቀዩ ከሁለት ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ደመና በዋለበት ቀን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከሁሉም ላይ እኩል መቀነስ ልክ አልነበረም። የእህቴ ምንም አይነካም ባይነትም ልክ አልነበረም፤ የድርቅ ነው ካሉት ሙቀት የተወሰነው የቀለም ሆኖ ተገኘ። ይህን በመምህራኑ ፊት በአፋቸው ተናግረዋል። የቀለሙ ድርሻ ተቀንሶም ቢሆን ያ የድርቁ መስከረም ሞቃት ሆኖ ቀረ። በአንድ ነገር ግን አልተበገሩም። የተነበበው ባለበት ይቆያል፤ የታረመው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ስሙንና ምክንያቱን ያስቀምጣል። አቶ አሊዪ ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህም የቤተሰባችን ወዳጅ ሆኑ። ዛሬም ከመካከላችን ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያልጠበቁት ሐሜት መጣ። መንግሥት ድርቁን ለመሸፈን ሙቀት አስቀነሳት፣ መታሰሩ አስፈራት ተባለ። እስሩ ያላስለቀሳቸው እህቴ በዚህ አለቀሱ። ከዚያ ተነሡና አምቷል የተባለውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ወደ ግቢው አስመጡ። የቀወት ገበሬ አህያውን ከአጥር አስሮ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ እትዬ ሙሀባም ሳይቀሩ እጃቸውን በየተራ ወደ ሁለቱ ሣጥን አስገቡ። ማንበብ የሚችለው አነበበ፤ የማይችለው በእጁ ለየ። ሐሜቱ ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፊት ለፊታቸው የደገመው የለም።

በ1981 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው የካቲት 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸው፣ ከእናታችንና ከወንድም እህቶቻቸው ሌላ እነዚያን ሁለት ሣጥኖች የሚያነቡ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል።

ዛሬ ጠዋት ይህ ጽሑፍ ሊባዛ ሲል ስለ ቀዩ ሣጥን የሚናገረው ክፍል ቢቀር ለቤተሰቡ ይሻላል የሚል ምክር ደርሶናል። መካሪው እዚህ ለቀብር መጥተዋልና እናመሰግናቸዋለን። ክፍሉ አልቀረም። ተሳስቷል የሚል ካለ ወረቀቱ ኅዳግ አለው፤ እርማቱን ከጎኑ ይጻፍ፣ ስሙንም ይፈርምበት። እህቴን ግን ማንም አይሰርዛቸውም።

የሮቢትን ሐሩር ሲለኩ የኖሩትን የእህቴን ነፍስ አምላክ ሐሩር በማይነካው ጥላው ያሳርፍልን፤ እሳቸውን ከመዋሸት እንደ ጠበቀ እኛንም ይጠብቀን። አሜን።