ዳቦው እስኪበስል

ሰላም ነው ወይ ጭማሪ፤

ሰፈር ሜዳ «ዳኛ፣ ጭማሪ ሰዓት» እያልክ ስትጨቃጨቅ ያወጣንልህ ስም ዛሬ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። እዚህ ገጠር ከተማ ሜዳው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቆቹ ይዘጉና ከመንገዱ ወዲህ ያሉት ነጋዴዎች ከወዲያ ማዶዎቹ ጋር ይጋጠማሉ። ዳኛዋ ዳቦ ጋጋሪዋ ናት፤ ሰዓት የሚባል የላትም። ሊጡን ምድጃ ውስጥ ስትከት ታስጀምራለች፣ ዳቦው ሲበስል ፊሽካ ነፍታ ትጨርሳለች። አፍንጫ ምስክር ስለሆነ ማንም አይከራከርም።

ዛሬ አንድ ለአንድ እንደሆኑ የዳቦው ሽታ ሜዳውን ሞላው። ሁሉም ወደ እሷ ሲዞር ልብስ ሰፊው ኳሷን ይዞ ወደ ግቡ ፈተለከ። ፊሽካው ከንፈሯ ላይ ነው፤ ግን አልነፋችም። በረኛው ደግሞ የገዛ ባሏ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዳቦው አረረ እኮ» ብሎ ጮኸ ግቡ ላይ ቆሞ።

«ዳቦው የኔ ነው፤ አንተ ኳሷን እያት» አለችው።

ኳሷ በእግሮቹ መሃል ገባች። ያኔ ነፋች። ጩኸቴን ብትሰማ እዚሁ የተወለድኩ ይመስልህ ነበር።

እኛ ጋ ዳኛ ጭማሪ ሲለመን ሰዓቱን ያያል፤ ከራሱ ምድጃ የሚከፍል ዳኛ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ያረረውን ዳቦ ከተማው በሙሉ ተሰልፎ ገዛ፤ ባሏ ሳይቀር ተሰልፏል።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም። ካርዱ ጥግ ላይ ያለው ጥቁር የጣት አሻራ ቆሻሻ እንዳይመስልህ፤ ሁለተኛውን ዳቦ እየበላሁ ነው የምጽፍልህ።