ባለ ሁለት በሩ ፍሪጅ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽንስ ሻል አለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

እትዬ፣ ጉድ ልንገርሽ! ባለቤቴ ፍሪጅ አመጣ፤ ያውም ባለ ሁለት በር፣ ቁመቱ እኔን የሚያስከነዳ። ሰዎቹ ተሸክመውት ሲገቡ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። "ከየት አምጥተህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "በትንሽ በትንሽ የሚከፈል ነው፤ ሳይታወቅሽ ያልቃል" አለኝ። ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም ሲያመጣ እንደዚሁ ነበር ያለኝ። አንደበቱን ታውቂው የለ!

በዚህ ጠባብ ቤት የት ሊቆም ነው ብዬ ስጨነቅ፣ የእማዬ የስፌት መኪና የነበረበት ጥግ ላይ ልክክ አለ። ለክተው የሠሩት ነው የሚመስለው። መኪናዋ ለጊዜው ሰው ጋ ናት።

ደግሞ ሲከፍቱት ውስጡ ቦግ ይላል! የሚጋርደው ነገር ስለሌለ እስከ ጀርባው ወለል ብሎ ይታያል። ትንሿ ልጄ ብርሃኑን ለማየት ስትከፍት ስትዘጋ ትውላለች።

የልጆቹ ጨዋነትማ ተአምር ነው። ገና በር ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው፣ ከሶፋው ጀርባ ቁጢጥ ብለው ትንፍሽ አይሉም። አብሬያቸው ቁጢጥ ብዬ እንኳ ትንፋሻቸውን አልሰማም። እነዚያ ረባሾች እንዲህ ይሆናሉ ብሎ ማን ያስብ ነበር?

በይ እንግዲህ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትመጪ ግን አደራሽን፣ በሩን እንዳታንኳኪ። ከውጭ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ፤ ድምፅሽን ከሰሙ ልጆቹ ይከፍቱልሻል።

ታናሽሽ