ከብረት ምድጃው ጀርባ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1918

ዛሬም ራሴን ይፈልጠኛል። ልጄም ጡት እንደያዘች ታንቀላፋለች፤ ጉንጯን ስነካካት እንኳ አትቆጣም። የባሌ እናት እማማ ጥሩነሽ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ፣ የመስኮቱንም ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉት። አራስ ብርድ አይንካት፣ ዓይን አይያት! ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን ትታሰራለች፤ እኔ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እስከዚያ ማበዴ ነው።

ይህን ቤት ያሠራው ፈረንጅ ነጋዴ ግድግዳው ውስጥ ጭስ መውጫ ያለው የእሳት ማንደጃ አሠርቶ፣ ኋላ የብረት ምድጃ ገጥሞበታል። እማማ ቀንም ሌትም ከሰል ያነዱበታል። «ጭስ እንኳ የለው!» ይላሉ፣ ኮርተው።

ረቡዕ፣ የሥላሴ ለት

ለዝክሩ ሽር ጉድ ሲሉ ከሰሉ አልቆ ኖሮ፣ ጠዋት እሳቱ ጠፋ። ራስ ምታቱ ተወኝ! ልጄም ጮኸች፤ እንዴት ደስ አለኝ። ከሰል ተገዝቶ ሲነድ እንደገና ዞረብኝ። እሳት እየጠበቀ የሚመጣ ምን ዓይነት ምች ነው?

ለእማማ ነገርኳቸው። «አራስ አሳብ አታበዛም» አሉኝ። ልጄን ይዤ ወደ እልፍኙ ልውጣ ስል በሩ ላይ ተገተሩ። «ክርስትና ሳትነሳ? እኔ ቆሜ?»

ባሌ ታደሰ በእናቱና በእኔ መሀል ሆኖ ጢሙን ያሻል። ወንድ ተብዬ! ስነዘንዘው ውዬ ማታ «እሺ፣ ምድጃውን የሚያይ ግንበኛ ልጥራ» አለ።

ሐሙስ

አው ዩሱፍ መጡ። ኤረር በር አጠገብ የሚኖሩ፣ የጀጎልን ቤቶች ሲጠግኑ ያረጁ ግንበኛ ናቸው። ባዕድ ወንድ አራስ ያለችበት አይገባምና እማማ መጋረጃ ዘርግተው እንደ ዘበኛ ቆሙ።

«ቢስሚላህ» አሉ ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ። «ልጄ፣ እኔ አልገባም፤ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ከሰሉ ላይ እርጥብ ሣር ጣይና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ንገሪኝ።»

ጣልኩ። በግድግዳው ሊወጣ ቀርቶ በብረቱ ዙሪያ እየተትጎለጎለ ፊቴ ላይ መጣ። «ወደኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሁሉም ወደኛ ነው!»

«ያ ረቢ! ከሰል ጭሱ ባይታይም ይመርዛል! እሳቱን አውጡ! መስኮቱን ክፈቱ!»

ከታደሰ ጋር ጣራ ላይ ወጡ። የጭስ መውጫው አፍ በጆንያና በጭቃ ተደፍኗል። «ማን ነው ይህን ያደረገ?» አለ ታደሰ ከላይ።

የእማማ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ ያስደፈንኩት» አሉ። «ብረት የተገጠመበት ምድጃ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል ብዬ... ክፉ መንፈስ በዚያ እንዳይወርድባችሁ ብዬ።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። እንባቸውን ሳይ ተውኩት። ይቅር ግን አላልኩም።

ቅዳሜ

ጆንያው ወጥቷል። አው ዩሱፍ ግን ብረቱ ተነስቶ ጀርባው ካልታየ እሳት አይነድበትም አሉ፤ ጡቡም ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ለዚያ ክፍሉን መልቀቅ አለብን። እማማን ማን ይንገራቸው ስንባባል ራሳቸው ገቡ። ልጅቷን በጋቢያቸው ጠቀለሉ፣ በሌላ እጃቸው ክፉ መንፈሱን የሚያርቅ ቢላ ያዙና «ነይ፣ ተከተይኝ» ብለው ወጡ። ብርዱ ሲነካት ልጅቷ ቤቱን አናጋችው። «ጎሽ! ጩኺልኝ!» አሉ፣ እያለቀሱ።

እልፍኙ ውስጥ ነን። ልጄ እስክትጠግብ ጠባች። ያ ሁሉ ቀን ጎድቷት ይሆን? አው ዩሱፍም «አላህ ያውቃል» ብቻ ነው ያሉት። አሁን ተኝታለች። እማማ ጎንበስ ብለው ትንፋሿን ያዳምጣሉ። እሳቸው ቀና ሲሉ እኔ አዳምጣለሁ።